እማዬን ሳንነግራት ማልዲቭስ እንውሰዳት?

የአንባቢያችን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። እማዬ 66 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች። ብዙ ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል። እሷም እኔም አውሮፕላን ተሳፍረን አናውቅም። ዋሽንግተን ያለችው ታላቅ እህቴ ሁለታችንንም ማልዲቭስ ልትወስደን ቆርጣለች፤ ወጪው በሙሉ የእሷ ነው። ጊዜው የፈረንጆች ገና ሰሞን ነው፣ እረፍት የምታገኘው ያኔ ስለሆነ። እማዬ ግን እንዳታውቅ ተብሏል። እኔ "ለምርመራ አዲስ አበባ እንሂድ" ብዬ ይዣት እወጣለሁ፣ በዱባይ በኩል አድርገን የደሴቶቹ አገር የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ ስንደርስ እህቴ ትቀበለናለች። ያገኘችው ርካሽ ቲኬት ለየብቻ የሚቆረጥ ሁለት ቲኬት ነው። ዱባይ ላይ 11 ሰዓት ያስጠብቃል፣ ማሌ የምንገባው ከመሸ በኋላ ነው። ከዚያ ውኃ ላይ በሚያርፍ የባሕር አውሮፕላን ወደ ሪዞርቱ እንሄዳለን ብላኛለች። ዋጋው አርብ ያልቃል ትላለች። እማዬ አየር ላይ ትንፋሽ ያጥራት ይሆን? ሙቀቱንስ ትችለዋለች? ወይስ በከንቱ ነው የምጨነቀው?»

እህቴ፣ በከንቱ አልተጨነቅሽም። ግን የፈራሽው ቀላሉን ነው፤ ከባዱ ሌላ ቦታ አለ።

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ልጅ ለፍታ ባገኘችው ገንዘብ እናቷን ባሕር ልታሳይ ስትነሣ ደስ ይላል። ስለዚህ «ይቅርባችሁ» አልልም። ሂዱ ነው የምለው። አሁን በያዛችሁት አካሄድ ግን አይሆንም። እህትሽ ጉዞውን ያሰበችው ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥታ ወደ ኋላ ነው። አንቺ ከእናትሽ ደጃፍ ተነሥተሽ አስቢው፤ ከቤት ከወጡበት ንጋት ጀምሮ ደሴቷ ላይ ጋደም እስኪሉ ድረስ በየሰዓቱ የት እንደሚቀመጡ፣ ምን እንደሚቀምሱ፣ መቼ እንደሚተኙ፣ ማን አጠገባቸው እንደሚሆን። እንዲህ ስታስቢው የትኛው ቲኬት ጥሩ እንደሆነ ራሱ ይነግርሻል።

ከሁሉ በፊት ግን ሰርፕራይዙን ተዉት። ይህን የምለው በጣም ከልቤ ነው።

አንደኛ፣ «ምርመራ» የሚለው ሰበብ ክፉ ነው። የደም ግፊት ያለባቸውን እናት «አዲስ አበባ ሄደን እንመርመር» ስትያቸው እንቅልፍ የሚያጡት ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ነው። ምን አገኙብኝ፣ ምን ደብቀውኝ ነው ይላሉ። ደግሞስ ፓስፖርት ሳያወጡ፣ አሻራ ሳይሰጡ፣ ሳይከተቡ እንዴት ይሄዳሉ? እናትሽ ጠይቀው የማያውቁ ሰው ካልሆኑ በስተቀር ይህ ሁሉ ተደብቆ አያልቅም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቦሌ ላይ ደርሰው «ባሕር ማዶ ልንሄድ ነው» ሲባሉ እንቢ የማለት ዕድል አይኖራቸውም። ሻንጣው ተጭኗል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ልጅ ወዲያ ማዶ እየጠበቀች ነው። ይሄ ስጦታ አይደለም፤ እሳቸው ሳይጠየቁ የተወሰነባቸው ነገር ነው።

ንገሪያቸው። ምናልባት «ለዚህ ገንዘብማ ላም አይገዛም?» ይሉሻል። የቤቱን ጣሪያ ያነሣሉ፣ የዘመድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያነሣሉ። የእኛ ሀገር እናት የመጀመሪያው «አይሆንም» ብዙ ጊዜ የይሉኝታ ነው፤ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ ማለታቸው ነው። ሰንበት አለፍ ሲል ረጋ ብለሽ ደግመሽ ጠይቂያቸው። ያን ጊዜም ፊታቸው ካልፈታ ተቀበያቸው፣ እህትሽም ትቀበል። ሄደው የማይደሰቱበት ባሕር ምን ያደርግላቸዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ቢጫ ወባ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊተላለፍባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት፤ ስለዚህ ከእኛ አገር ተነሥቶ ማልዲቭስ የሚገባ መንገደኛ የክትባቱን ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ ዋጋ የሚኖረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለአንቺ ይህ ቀላል ነው። ለእናትሽ ግን ክትባቱ የመጀመሪያቸው ከሆነ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ መሆኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተቡ ከባድ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከወጣቶቹ ከፍ ይላል። ጉዳቱ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም፣ ግን ሐኪም ሳያያቸው ተሰልፈው የሚወጉት ክትባትም አይደለም። የሚያክማቸው ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ መድኃኒታቸውን ሁሉ ይዘው። «አይከተቡ» ካለ በሕክምና ምክንያት መከተብ እንደማይችሉ በዚያው ዓለም አቀፍ ካርድ ላይ ይጻፍላቸዋል። ያን ጊዜ ማልዲቭስ ወረቀቱን መቀበሏን ከአየር መንገዱም ከአገሩ ኢሚግሬሽንም በጽሑፍ አረጋግጡ። በቃል የተባለ ነገር ቦሌ ላይ አያሳልፍም። ዛንዚባርም ሲሼልስም ይህንኑ ካርድ ስለሚጠይቁ ደሴት በመቀየር አታመልጡትም። አየሽ፣ አርብ የሚያልቅ ቲኬት መግዛት ለምን እንደማይሆን? ሐኪሙ ገና አልተናገረም።

የትንፋሹን ነገር ግን እርሺው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። መንገደኛ አውሮፕላን የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን ውርጭ እየጠረጉ የተነፈሱት አየር አውሮፕላኑ ውስጥ ከሚያገኙት የሳሳ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ሐኪሙን ጠይቁ፤ ከሌለባቸው ግን ትንፋሽ አያሰጋሽ። የሚያስቸግረው ድርቀቱ ነው። የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ነው፣ ጉሮሮና ከንፈር ያደርቃል። እናቶች ደግሞ መጸዳጃ ቤት ላለመነሣት ሲሉ ውኃ አይጠጡም፤ አንዳንዶቹም ክኒኑ የሚያሸና ከሆነ የዚያን ቀን ይዘሉታል። ይህ እንዳይሆን! ገና መሬት ላይ ሳላችሁ የመጸዳጃውን ነገር ንገሪያቸው፤ በሩ መሐሉ ላይ ሲገፋ እንደሚታጠፍ፣ ውኃው ሲለቀቅ ድምፁ እንደሚያስደነግጥ ግን ምንም እንዳልሆነ፣ አንቺም እንደምትሸኚያቸው። አፍረው ከሚቀመጡ እየሳቁ ቢሄዱ ይሻላል።

እግራቸውስ? እብጠቱ ከመቀመጥ የሚመጣ ይመስላል። በረራው ከ4 ሰዓት ሲያልፍ ለረጅም ጊዜ በተቀመጠ ሰው እግር ደም የመርጋት አደጋው ከፍ ማለት ይጀምራል። የእናንተ እያንዳንዱ በረራ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዱባይ፣ ከዱባይ ማሌ። ነገር ግን የደብረ ብርሃኑን 130 ኪሎ ሜትር መንገድና የጥበቃ ሰዓቱን ደምሪበት። መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ለእሳቸው አስይዢ፣ በየሰዓቱ ተነሥተው ትንሽ ይራመዱ፣ ተቀምጠውም ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ጠበቅ የሚያደርግ የጉዞ ካልሲ አለ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ጥሩ ነው። ጫማቸው የሚላላ ይሁን። መድኃኒቱ በሙሉ ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አንዲት ክኒን እንኳ እንዳትከቺ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያቀልልሽ ዊልቸር ነው። ቲኬቱ ሲቆረጥ «የአረጋዊ እርዳታ፣ ዊልቸር» ብላችሁ አስመዝግቡ። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ቢነገር ጥሩ ነው፤ ክፍያ የለውም። «እኔ ምን ሆኜ ነው የምገፋው» ይሉ ይሆናል። ለሕመም እንዳልሆነ አስረጂያቸው። ዱባይ አየር ማረፊያ ከአንዱ በር ወደ ሌላው መንገዱ ረጅም ነው፤ የሚገፋው ሠራተኛ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ አንቺም ተከትለሽው ትሄጃለሽ። ሁለት አዲስ መንገደኞች ሰሌዳ እያነበቡ ከሚዋከቡ ይህ በጣም ይሻላል።

ወደ ቲኬቱ ስመጣ፣ ለየብቻ የተቆረጠውን አልቀበለውም። ሁለት ቲኬት ማለት ብዙ ጊዜ ዱባይ ላይ ሻንጣ ተቀብሎ፣ ኢሚግሬሽን አልፎ፣ እንደገና መመዝገብ ማለት ነው፤ ለዚያ የዱባይ መግቢያ (የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ) ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ደግሞ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም፣ ገንዘቡም ሄደ። ከቦሌ እስከ ማሌ በአንድ ቲኬት፣ ሻንጣው እዚሁ ተመዝግቦ እዚያ የሚወርድበትን ይቁረጡላችሁ። ጥበቃው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይሁን። 11 ሰዓት ለእግራቸውም ለግፊታቸውም አይሆንም። በዋጋ የተረፈው በድካም ይከፈላል።

ማሌ የምትገቡት ደግሞ በቀን ይሁን። የማልዲቭስ የባሕር አውሮፕላኖች የሚበሩት በብርሃን ብቻ ነው። ከመሸ ከደረሳችሁ እህትሽ ያሰበችው አይሆንም፤ እዚያው አድራችሁ ጠዋት ነው የምትሄዱት፣ ለማደሪያውም ሌላ ክፍያ አለ። እኔ ብሆን የባሕር አውሮፕላኑን ጭራሽ እተወዋለሁ። ድምፁ ከፍተኛ ነው፣ መሳፈሪያው ጠባብ ነው፣ ሁለት በረራ ለመጣች እናት ሦስተኛ መጨመር ነው። ከአየር ማረፊያው ጋር በመኪና መንገድ የተገናኘች ሁሉማሌ የምትባል ደሴት አለች፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚያ እደሩ። ባሕሩን ከመኪና ወርደው ያዩታል። በማግሥቱ ዕረፍት ካደረጉ በኋላ በፈጣን ጀልባ ቅርብ ወዳለች ደሴት ሂዱ። ማፉሺን የመሰሉ ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ቢወስዱ ነው። ጀልባው ላይ ከኋላ አስቀምጫቸው፣ ከፊት ወገብ ይመታል።

ሰው የሚኖርባቸውን ደሴቶች የመረጥኩት ለዋጋቸው ብቻ አይደለም። ለእናትሽም የሚስማሙት እነሱ ይመስሉኛል። አገሩ ሙስሊም ነው፣ ሰዉ ተሸፍኖ ነው የሚሄደው፣ የዋና ልብስ የሚፈቀደው ለቱሪስት በተከለለው ዳርቻ ብቻ ነው። ቀሚሳቸውን ለብሰው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ሲወጡ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ሪዞርት ግን ራሱን የቻለ ደሴት ነው፤ ከእንግዳና ከሠራተኛ በቀር ሰው የለበትም፣ ገበያ የለው፣ ጎረቤት የለው። ለሙሽሮች ጥሩ ነው። ሰላምታ ሳይለዋወጡ ውለው ለማያውቁ እናት ግን ሁለት ቀን ቆይቶ ይከብዳል።

ሳትሄዱ የምትነግሪያቸው ሌላ ነገር አለ። በማልዲቭስ ከእስልምና ውጭ ያለ አምልኮ በአደባባይ አይፈቀድም፤ ለአምልኮ የሚሆን ምስል ማስገባትም ክልክል ነው። ቤተ ክርስቲያን የለም። ሥዕለ አድኅኖው ቤት ይቆይ፣ ጸሎታቸውን በክፍላቸው ያድርሱ። እሑድን ያለ ቅዳሴ ውለው የማያውቁ ከሆነ ይህን አስቀድመው አውቀው ይወስኑ። አልኮልም አይገባም። ለእህትሽ ብላችሁ የሀገር ቤት አረቄ በጠርሙስ እንዳትይዙ፣ ጉምሩክ ይወስደዋል። ዳቦ ቆሎና በሶ ግን ያዙ።

የእህትሽ ቀን ምርጫ ደግሞ አልተመቸኝም። የፈረንጆች ገና የሚውለው የነቢያት ጾም መካከል ነው። እናትሽ እየጾሙ እዚያ ሙቀት ውስጥ ከምትወስዷቸው፣ ያውም የሆቴል ዋጋ ጣሪያ በሚነካበት ሳምንት፣ ጥምቀትን ታቦት ሸኝተው፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያምንም አክብረው ቢነሡ አይሻልም? በ2019 ዓ.ም. ነነዌ የሚገባው የካቲት 15 ነው፣ ዓቢይ ጾም የካቲት 29። ከጥር 22 በኋላ ሰፊ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። ማልዲቭስም ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ገደማ ደረቁ ወቅቷ ነው፤ የካቲት አካባቢ ዝናቡ ትንሽ ነው፣ ባሕሩም ረጋ ይላል። ረቡዕና ዓርብ ሩዝና ምስር አይጠፋም፣ በሌላው ቀን ዓሣው ትኩስ ነው። በረራው በጾም ቀን ከዋለ ከ24 ሰዓት በፊት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ የሌለበትን ምግብ እዘዙ።

ሙቀቱ፣ አዎ፣ እውነተኛ ነገር ነው። ቀን 30 ዲግሪ፣ ሌሊትም ከ25 ብዙ አይወርድም፣ አየሩ እርጥብ ነው። ላብ አይደርቅም። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከጉዞው በፊት የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ማሌ እርጥብ ባይሆንም ሰውነታቸው ለሙቀት እንዴት እንደሚሆን ታያላችሁ። ግፊታቸውን እዚያ ለኩት። አጎበር አትርሱ፣ ወባ አለ። ማልዲቭስ ከወባ ነጻ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል፤ የዴንጊ ትኩሳት የምታስተላልፍ ትንኝ ግን ስላለች መከላከያ ቅባት ያዙ። ክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ይሁን። ባሕሩ ዳር ጠዋት ወይም ወደ ማታ፤ እኩለ ቀን ላይ ይተኙ። ሐኪሙን ስታገኙ «እንዲህ ያለ ሙቀት ውስጥ ክኒኑ ይስተካከል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወረቀቱ ብዙ አያስቸግርም። ማልዲቭስ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ እዚያው ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ በነጻ ትሰጣለች። የመመለሻ ቲኬትና የተያዘ ማደሪያ ያስፈልጋል፤ ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ደግሞ ኢሙጋ የሚባለውን ቅጽ በኢንተርኔት ትሞሉታላችሁ። ሁሉንም በወረቀት አትመሽ ያዢ፣ ስልክ ይዘጋል። የፓስፖርቱ ቀን ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ለአዲስ አበባው መንገድ ደግሞ አንድ ቀን ቀድማችሁ ውጡ። አንዳንዴ መንገዱ ምን እንደሚያጋጥመው ታውቂያለሽ፤ በበረራው ዕለት ጠዋት ከደብረ ብርሃን መነሣት አይገባም። ዘመድ ቤት አርፋችሁ፣ እግራቸውን ሰቅለው አድረው ቦሌ ይግቡ። ጋቢው አብሮ ይሳፈር፣ አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል።

ለእህትሽ የምትነግሪያት አንድ ነገር ቀረ። ማሌ ላይ አትጠብቃችሁ። መጀመሪያ ቤቷ ትምጣ። ዋሽንግተንና ማሌ በአሜሪካ የብርድ ወራት የ10 ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ በቀጥታ ከመጣች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀን እየተኛች ሌሊት እያፈጠጠች ነው የምታሳልፋቸው፣ እናትሽም «ልጄ ታመመች» እያሉ ይጨነቃሉ። ደብረ ብርሃን ጥቂት ቀን አርፋ፣ ቡናውን ጠጥታ፣ ከዚያ ሦስታችሁም ከቦሌ አብራችሁ ብትሳፈሩ ቋንቋውንም ወረቀቱንም እሷ ትይዘዋለች። አንቺ እናትሽን ትይዣለሽ። ዱባይ ላይ ሁለታችሁ ብቻችሁን ከመሆን የሚያድናችሁ ይህ ነው። እረፍቷን ወደ ጥር መጨረሻ ማዘዋወር ትችል እንደሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂያት። የአርቡን ቲኬትም እንዳትቆርጠው በዚያው ንገሪያት።